ልጄ ሒሳቡን ታውቃለች፣ ስክሪኑ ነው ያስቸገራት፤ ለኤስኤቲ ብሉቡክን እንዴት ትልመደው?

የሊያ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እዚያ እያለች ከአንድ እስከ ሦስት ነበር የምትወጣው፣ ሒሳብ ላይ በተለይ የሚደርስባት አልነበረም። አሁን ሰባት ሳምንት ያህል ቆይታ ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ልትፈተን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብሉቡክ በሚባለው አፕ ላይ የመጀመሪያውን የልምምድ ፈተና ሠራች። ስትጨርስ ምንም ሳትናገር ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ማታ ቀስ ብዬ ስጠይቃት «እማ፣ ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ግን ስክሪን ላይ ሳነብ አይገባኝም፣ ሰዓቱ ከላይ ሲቆጥር ሳይ ደግሞ ያነበብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል» አለችኝ።

ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የተፈተነችው በወረቀት ነው። ከቃሉ ሥር ታሰምራለች፣ የማይሆነውን ምርጫ ትሰርዛለች፣ የዘለለችው ጥያቄ አጠገብ ኮከብ ታደርጋለች፣ መጨረሻ ላይ መልሷን ታጠቁራለች። አሁን ይሄ ሁሉ የለም ነው የምትለው። ቤት ያለን አንድ የቆየ ላፕቶፕ ነው፣ ታናሽ ወንድሟም ይጠቀምበታል። ትምህርት ቤት የሰጣት ክሮምቡክ የሚባል በጉግል ሲስተም የሚሠራ ላፕቶፕም አለ። በየትኛው ትለማመድ? እኔ ማታ ነው የምሠራው፣ ቴክኖሎጂውም ብዙ አይገባኝም፣ ግን ቀን ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ላግዛት እችላለሁ። ልጆቻችሁን ያስፈተናችሁ፣ ራሳችሁም የተፈተናችሁ፣ እባካችሁ ከምን እንደምንጀምር ንገሩኝ።

ናቲ፣ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት

ሰላም ነዎት እናቴ? እኔ የተፈተንኩት አምና ነው። ወደዚህ የመጣሁት 9ኛ ክፍል ልገባ ስል ስለነበር ሊያ የተሰማት ነገር በደንብ ይገባኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሩልኝ፣ በወረቀት ላይ የምታደርገው ሁሉ አፑ ውስጥ አለ። ቦታው ነው የተቀየረው።

ምርጫ መሰረዝ ከፈለገች፣ ከጥያቄው በላይ በቀኝ በኩል የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈውበት መሐሉ ላይ ጭረት ያለበት ትንሽ ምልክት ታገኛለች። እሱን አንዴ ከነካችው ከየምርጫው አጠገብ መሰረዣ ይወጣላታል። የኮከቧ ምትክ ደግሞ ከጥያቄው ቁጥር ጎን ያለችው የዕልባት ምልክት ናት። ከታች መሐል ላይ የጥያቄውን ቁጥር ስትነካው የሞጁሉ፣ ማለትም ያለችበት የፈተናው ክፍል፣ ጥያቄዎች ዝርዝር ብቅ ይላል፣ ያልመለሰችውና ዕልባት ያደረገችበት ተለይቶ ይታያታል፣ ከዚያው ወደፈለገችው ጥያቄ መሄድ ትችላለች። ንባቡ ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር መርጣ ቀለም መቀባትም ይቻላል። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከሥሩ መደበቂያ አለው። እኔ ደብቄው ነው የሠራሁት። 5 ደቂቃ ሲቀር ራሱ ስለሚታይ ሰዓቱ አልቆብኝ ይሆን ብላ አትስጋ።

ግን ቁልፉ የት እንዳለ ማወቅ ሌላ ነው፣ እጅ ሲለምደው ሌላ። ሊያ በቀጥታ ሙሉ ፈተና ውስጥ ነው የገባችው። አፑ ውስጥ ሰዓት የማይቆጥር አጭር መሞከሪያ አለ። ከእሱ ትጀምር። እኔ አራት አምስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ፣ መልሱ ልክ ይሁን አይሁን ግድ አልነበረኝም፣ ዋናው ሥራዬ እያንዳንዱን ቁልፍ መነካካት ነበር። ካልኩሌተሩን መክፈት፣ ወደ ጥግ መጎተት፣ ማስፋት፣ መዝጋት። የቀመር ወረቀቱን መክፈት። ጽሑፉን ማጉላት፣ ላፕቶፕ ከሆነ ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን አብሮ መጫን ነው። ይሄን ስታደርግ ማንም ነጥብ አይሰጣትም፣ ፍርሃቱም የሚለቀው እንደዚያ ነው።

ስለ ፈተናው ቅርጽ ታውቅ ይሆናል፣ ግን እርስዎም ቢያውቁት ጥሩ ነው። ንባብና ጽሑፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ። እያንዳንዱ ለሁለት ሞጁል እኩል ይከፈላል። ሞጁሉ ውስጥ እስካለች ድረስ ወደኋላ ወደፊት ማለት ትችላለች፣ አንዴ ካለፈችው ግን አይመለስም። ሁለተኛው ሞጁል ከባድ ወይም ቀለል ያለ የሚሆነው የመጀመሪያውን እንደሠራችው ነው። ይሄን አጥብቀው ይንገሯት፣ ምክንያቱም እኔ በልምምዴ ሁለተኛው ሞጁል ድንገት ሲከብደኝ «በቃ ወደቅኩ» ብዬ ነበር የተረበሽኩት፣ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። የመጀመሪያውን በደንብ ስለሠራሁ ነው የከበደው።

ሌላ፣ በልምምዱ ላይ ቶሎ ከጨረሰች ወደሚቀጥለው ማለፍ ትችላለች። በእውነተኛው ፈተና ግን ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ሞጁል ላይ ነው የምትቆየው። ስለዚህ ከአሁኑ ቀድሞ መውጣትን አትልመድ። ሙሉ የልምምድ ፈተናዎቹ ደግሞ ቁጥራቸው ውስን ነው፣ በተከታታይ ቀናት አትጨርሳቸው። በሳምንት አንድ ይበቃል፣ መሐሉን ካን አካዳሚ ላይ ያለውን የኤስኤቲ ዝግጅት ትሥራ። እሱም ነፃ ነው። ለኮርስ ገንዘብ ለማውጣት አይቸኩሉ።

የኤርሚ አባት፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ናቲ ስለ አፑ ጥሩ አድርጎ ነግሮሻል፣ እኔ ስለ ዕቃው ልናገር፣ ምክንያቱም እኛ ቤት የተጎዳነው በዚያ ነው። የልጄ ፈተና ዕለት ጠዋት ላፕቶፑን ስንከፍተው ራሱን ማደስ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ «እባክዎ አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ፣ መቶኛው ደግሞ አይንቀሳቀስም። በር የሚዘጋው ጠዋት በ8 ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። መኪና ውስጥ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ እያየው ነው የሄድነው። ደግነቱ ደረሰ፣ ገባም፣ ግን ከፈተናው በፊት የነበረው አንድ ሰዓት ለልጄ ትልቅ ጭንቀት ነበር፣ የመጀመሪያውን ሞጁል ምን እንዳነበበ አላውቅም ብሎኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማታውን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወስኑ፣ በየትኛው ነው የምትፈተነው? በዚያው ብቻ ትለማመድ። ክሮምቡክ ላይ ለምዳ ላፕቶፕ ላይ መፈተን የሰው ጫማ አድርጎ እንደመሮጥ ነው። ትምህርት ቤት የሰጣት ክሮምቡክ ይሆናል፣ በፈተናው ቅዳሜም ይዛው መግባት ትችላለች፣ ግን ብሉቡክ ተጭኖበት እንደሆነ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች አስቀድማ ትጠይቅ። ከሱቅ የተገዛ የግል ክሮምቡክ ግን አይሆንም። ስልክም አይሆንም። የቆየው ላፕቶፕ የሚያስቸግር ከሆነ ስትመዘገብ መሣሪያ በውሰት መጠየቅ ይቻላል፣ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ነው መጠየቅ ያለበት። ሰባት ሳምንት ካላችሁ ጊዜ አላችሁ፣ ግን አትዘግዩ።

ባትሪውንም ፈትኑት። ፈተናው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፣ ዕረፍቱና መግቢያው ሲጨመር ሦስት ሰዓት የሚችል ባትሪ ያስፈልጋል። ቻርጀር ትያዝ፣ ግን የምትቀመጥበት ቦታ ሶኬት ላይኖር ይችላል። እኛ ሁለተኛ ጊዜ ስናስፈትነው አንድ እሑድ ከቻርጀር ነቅለን ሙሉ የልምምድ ፈተና አሠራነው፣ ስንት በመቶ እንደቀረው አየን፣ ከዚያ በኋላ በሰላም ተኛን። ማውስም ግዢላት። ማውስ ይፈቀዳል፣ በጣት ከመጎተት ለወረቀት ልጅ በጣም ይቀላል። ፈተናው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አፑ ላይ የፈተና ማዘጋጃው ይከፈታል። ያንን ስትጨርስ የመግቢያ ትኬቷ ይወጣል። እስከ መጨረሻዋ ማታ አታቆዩት።

የቅዳሜ ሒሳብ አስተማሪ

እንደምን አላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኛን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፣ እንደ ሊያ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ይመጡልኛል። ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ትልቅ ሀብት ይዞ ነው የሚመጣው። እዚያ ካልኩሌተር ይዞ ብሔራዊ ፈተና መግባት ስለማይቻል እጁ ፈጣን ነው፣ ክፍልፋይ አያስፈራውም፣ እኩልታ በወረቀት ላይ ሲፈታ ደስ ይላል። ያንን እንዳታስጥሏት። አንዳንድ አስጠኚ «ሁሉንም በዴስሞስ» ይላል፣ እኔ አልስማማም።

ዴስሞስ ማለት አፑ ውስጥ ያለው ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር ነው። በሁሉም የሒሳብ ጥያቄ ላይ ይፈቀዳል። ከብሉቡክ ውጭም በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። እኔ ልጆቹን የማስተምረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በእጅ ይፈታሉ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ዴስሞስ ላይ ያስገባሉ፣ የቱ እንደፈጠነ ራሳቸው ይለካሉ። ቁጥሮቹ ቀላል የሆኑ ሁለት እኩልታዎች ከሆኑ ሊያ በእጇ ቶሎ ትጨርሳለች። ቁጥሩ ነጥብ የበዛበት ከሆነ ግን ሁለቱንም ጽፋ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ብትነካው መልሱ ይወጣል። ኩርባው አግድሙን የx መስመር የት የት እንደሚነካ ሲጠየቅም እንደዚያው። የማይታወቅ ቋሚ ቁጥር ያለበት ጥያቄ ከሆነ፣ ዴስሞስ ለዚያ ፊደል የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ ይሰጣታል፣ እያንሸራተተች ግራፉ ሲቀየር በዓይኗ ታየዋለች። እዚህ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ጊዜ አባከነች አይባልም፣ ለኮሌጅም ይጠቅማታል።

አሁን ብዙ ልጅ ወደሚወድቅበት ልምጣ። መልስ መጻፍ። ከሒሳቡ ጥያቄዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ምርጫ የለውም፣ መልሱን ራሷ ትጽፋለች። መልሷ ሦስት ከአንድ ሁለተኛ ከሆነ በወረቀት እንደለመደችው ሦስትን ከክፍልፋዩ አጠገብ ከጻፈች አፑ 31/2 ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሠላሳ አንድ ለሁለት ማለት ነው። 7/2 ወይም 3.5 ነው መጻፍ ያለባት። የመቶኛ ምልክት፣ የዶላር ምልክት፣ የሺህ ኮማ አይገባም። ከጻፈች በኋላ ሳጥኑ ሥር መልሷ እንዴት እንደተነበበ ይታያል፣ ያንን ሳታይ እንዳታልፍ። ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ አጻጻፍ ላይ ነጥብ የሚጥል ልጅ ሳይ ሆዴ ይባባል።

የመጨረሻው ረቂቅ ወረቀት ነው። ፈተናው ላይ ባዶ ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ እርሳስ ወይም እስክሪብቶ ይዘው ይገባሉ። ልጆቹ ግን ስክሪን ፊት ሲቀመጡ ወረቀቱን ይረሱታል፣ ሁሉንም በጭንቅላት ሊሠሩት ይሞክራሉ። ወይ ደግሞ ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲገለብጡ 6ን 9፣ መደመርን መቀነስ ያደርጋሉ። ሊያ ወረቀቷን በአራት ትጠፈው፣ በእያንዳንዱ ሳጥን የጥያቄውን ቁጥር ትጻፍ፣ የጂኦሜትሪ ሥዕል ከሆነ ስክሪኑ ላይ መጻፍ ስለማይመች ሥዕሉን ራሷ ትሣለው፣ የተሰጠውን ልክ ሁሉ ታስፍርበት። ከገለበጠች በኋላ አንዴ ቀና ብላ ከስክሪኑ ጋር ታስተያየው። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ንባቡን በተመለከተ ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ አጭር ነው፣ ቢበዛ 150 ቃል፣ ለአንዱ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ። ስለዚህ ስክሪን ላይ ረጅም ምንባብ ይጠፋብኛል የሚለው ፍርሃት እዚህ ብዙ ቦታ የለውም። መጀመሪያ ጥያቄውን ታንብ፣ ከዚያ ጽሑፉን። በሳምንቱ ውስጥ ለትምህርት ቤት የምታነበውንም በወረቀት ከማተም በዚያው ክሮምቡክ ታንበው፣ ዓይንም ይለምዳል። ኢትዮጵያ ውስጥም እኮ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በኮምፒውተር የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። ይሄ ለውጥ የሁሉም ልጆች ነው፣ ብቻዋን አይደለችም በሏት።

ሰብለ፣ ቨርጂኒያ

አጭር ነገር ልጨምር። እህቴ፣ ልጅሽ ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ የምታገኝ ከሆነ ካውንስለሯን፣ የትምህርት ቤቷን አማካሪ ማለቴ ነው፣ ስለ ክፍያ ነፃ ፈቃድ ጠይቂ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ያለክፍያ መፈተን ትችላለች። ደግሞ ገና እንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ላይ ካለች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በትምህርት ቀን በሚሰጠው ኤስኤቲ ላይ ተጨማሪ ሰዓትና ቃል ለቃል የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሊፈቀድላት ይችላል። ይሄንንም ካውንስለሯ ናት የምታስጨርሰው። ከፈቀዱላት ልምምዱንም በዚያው ሰዓት ልክ ትሥራ፣ አለበለዚያ ፍጥነቷ ይምታታባታል።

የሊያ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ምን እላለሁ። ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በክሮምቡኩ እንዲሆን ወስነናል፣ ነገ ትምህርት ቤት ትጠይቃለች። ከሥራ ስመለስ ማውስ እገዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ በፈተናው መሐል ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? እሷን በጣም ያስፈራት ይሄ ነው። አዲስ አበባ ኔትወርክ ሲሄድ ሁሉ ነገር እንደሚቆም ነው የምታውቀው።

ናቲ፣ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት

እናቴ፣ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ቢቋረጥም አይቆምም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጀመርና መጨረሻ ላይ መልሱ ሲላክ ነው። መሐል ላይ ቢጠፋ እሷ ሥራዋን ትቀጥላለች፣ መልሶቿ መሣሪያው ላይ ይቀመጣሉ። መሣሪያው ራሱ ቢጠፋ ደግሞ እጇን አውጥታ ለተቆጣጣሪው ትንገር፣ መልሶ ሲከፈት የሠራችው አይጠፋም። በዕረፍቱ ሰዓት ግን ክሮምቡኩን አትክደነው፣ ክፍት ትተወው። ቤት ስትለማመድም እንደዚያ ታድርግ፣ 10 ደቂቃዋን ተነሥታ ውኃ ትጠጣ፣ ክፍት ትተወው፣ ትመለስ።

ሊያ

ሰላም፣ እኔ ሊያ ነኝ፣ እማ ነች ጻፊ ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ። አጭሩን መሞከሪያ ሰባት ጊዜ ሠራሁት። የዕልባቷን ቁልፍ አሁን ሳላያት ነው የምነካት። ቅዳሜ ዕለት ሁለተኛውን ሙሉ ፈተና የካውንቲው ላይብረሪ ውስጥ ባለ የጥናት ክፍል ሠራሁ፣ ቤት ከሆነ ወንድሜ ስለሚገባብኝ። ጠዋት ነው የጀመርኩት፣ ከቻርጀር ነቅዬ፣ ሲያልቅ 58 በመቶ ባትሪ ቀርቶት ነበር። ሰዓቱን ደበቅኩት። ንባቡ ላይ የመጀመሪያውን ሞጁል ስጨርስ 4 ደቂቃ ተርፎኝ ዕልባት ወዳደረግኩባቸው ተመለስኩ፣ ባለፈው ግን የመጨረሻዎቹን ስድስት ጥያቄዎች አላየኋቸውም ነበር። ሁለተኛው የሒሳብ ሞጁል በጣም ከበደኝ፣ ግን ናቲ ያልከው ትዝ አለኝና አልደነገጥኩም።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። መልስ ስጽፍ ቁጥሩ ረጅም ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ አለኝ። ሁለት ሦስተኛ ነበር መልሱ፣ ዴስሞስ ደግሞ ስድስት ስድስት ስድስት እያለ ነው የሚሄደው። የቱን ልጻፍ?

የቅዳሜ ሒሳብ አስተማሪ

ጎበዝ የኔ ልጅ። ክፍልፋዩን መጻፍ ይሻልሻል፣ 2/3 ብለሽ ብቻ። በነጥብ ካልሽ ሳጥኑ እስኪሞላ ጻፊ፣ 0.666 ወይም 0.667 ይሆናል፣ 0.66 ወይም 0.67 ብለሽ ካቆምሽ ግን አይቀበልሽም። መልሱ አዎንታዊ ከሆነ ነጥቡን ጨምሮ አምስት ቦታ ነው ያለሽ፣ አሉታዊ ከሆነ ለመቀነስ ምልክቱ አንድ ይጨመርልሻል። ለዚህ ነው እጅሽ ክፍልፋይ መልመዱን የወደድኩት። የሚቀጥለውን ሙሉ ፈተና ስትጨርሺ የተሳሳትሻቸውን ጥያቄዎች ሁለት ቦታ ክፈያቸው፣ ሒሳቡን ስላላወቅሽ የተሳሳትሽውና አፑ ላይ እጅሽ ስለተሳሳተ የጣልሽው። ሁለተኛውን ክምር እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።